አርባ አንድ ሰው ያነበበው ቃለ ጉባኤ

ሰኔ 11፣ 2017፣ ፍኖተ ሰላም

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የምጽፈው ለኢንተርኔቱ የወሬ ገጽ ብቻ ነበር። ዛሬ ለራሴ ልጽፍ ይህን ደብተር ከሣጥን አወጣሁ። ሽፋኑ ላይ «ሥነ ዜጋ፣ 9ኛ ለ» የሚል የራሴ ጽሕፈት አለ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ያን ዓመት ከሁለተኛው ሳምንት አላለፍንም።

ጋሼ ባዬ ከድንጋይ በር መጡ። ድንጋይ በር እቴቴ የምትኖርባት መንደር ናት፤ ከማንኩሳ ወርዶ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። እቴቴ የምላት አክስቴን አምለሰትን ነው፤ እናቴ ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ተቀብላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጋሼ ባዬ ደግሞ የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው። ከቤቶቹ በላይ ያለውን የአፈር ግድብ ይጠብቃሉ፣ የመስኖ ተራ ያወጣሉ፣ በውሃ የተጣላ ያስታርቃሉ። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ሦስት ገጽ የቢሮ ቃለ ጉባኤ ነው። ከየት አገኙት አላልኋቸውም። እሳቸውም «ወፍ አመጣችው» ብለው አለፉት።

ግድቡ ከጥር ጀምሮ ተሰንጥቋል። ቢሮው ያውቃል። ጥገናው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላልፏል። ተራ ቁጥር አራት ላይ «ከግድቡ በታች ያሉ ሠላሳ ስምንት አባወራዎች ክረምቱ ሳይገባ ከቦታው እንዲነሱ ይነገራቸው» ይላል። ማን ይንገራቸው የሚለው ቦታ ባዶ ነው። አምስት ሰዎች ፈርመዋል።

የቢሮውን ስም እዚህ አልጽፍም። ደብተርም ይፈተሻል።

ከሠላሳ ስምንቱ ቤት አንዱ የእቴቴ ነው።

ሰኔ 13

ለጠፍሁት። ገጹ የሁለታችን ነው፤ እኔ እጽፋለሁ፣ ወንዳወቅ ቡሬ ካለችው የስልክ ጥገና ሱቁ ሆኖ ያስተዳድረዋል። «የድንጋይ በር ግድብ ተሰነጠቀ፤ ነዋሪዎች አልተነገራቸውም» ብዬ ሦስቱንም ገጽ ፎቶ አንስቼ አያያዝሁ። ወንዳወቅ፣ አይ ቲቸር፣ ይኼን ማንም አያነብም አለኝ። ሰው የሚሞትበት ነገር ካልተነበበ ምን ሊነበብ ነው ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ።

ሰኔ 15

አርባ አንድ ሰው አይቶታል።

ወንዳወቅ በዚያው ቀን የለጠፋት፣ ሽንዲ ውስጥ ጥጃ የምታጠባ ፍየል፣ ሰማንያ ሁለት ሺህ ሰው አይቷታል። ከእኔው ሥር አንድ ሰው ብቻ ጽፏል፦ «ሌላ ወሬ የላችሁም?»

በሰው መፍረድ ደስ ይለኛል፤ የመምህርነት ጠባይ ነው። ግን ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር አየሁ። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ሾፌሩ ዘጋው። ሦስት ተሳፋሪዎች ነበርን፣ ለምን ያለው የለም። ሁላችንም ወደ ውጭ አየን። ደህና ርቀት ከሄድን በኋላ መልሶ ሲከፍተው ዜናው ልክ አልቆ ዘፈን ጀመረ። ሰዓት አላየም። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ «ተመስገን» አለች። ዝም ያልሁት ስለ ደከመኝ ነው።

ሰኔ 20

የወረዳው ምክር ቤት ስለ ግድቡ የሚሰማበት ቀን ነበር። ለሕዝብ ክፍት ነው ተብሎ ተለጥፏል፤ እኔም ገጹ ላይ ሁለት ጊዜ ጋብዣለሁ። የመጣነው አራት ነን፦ እኔ፣ ጋሼ ባዬ፣ ከዝናብ ሊጠለል የገባ አንድ ሰው፣ የበሩ ጥበቃ። ጉዳዩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ይተላለፍ ተባለ። ጋሼ ባዬ እጃቸውን አንስተው ነበር፤ ያያቸው የለም፣ ወይም ያላዩ መሰሉ።

ስንወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሮቹን እየሰበሰበች «ዛሬስ ሰው በዛ» አለች። እየቀለደች አልነበረም። እውነቷን ነው።

አርባ አንዱ ዛሬም አርባ አንድ ነው። እኔ እንኳ ስከፍተው አይጨምርም።

ሰኔ 25

ያደረግሁትን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ መጣ። ገጹን ከፍቼ ይህን ጻፍሁ፦ «በድንጋይ በር ግድብ ሥር በቀትር ‹ተነሱ› የሚል ባለቤቱ የማይታይ ድምፅ እየተሰማ ነው ሲሉ የአካባቢው ነዋሪዎች ተናገሩ።» ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስንጥቁን አስገባሁ። ሦስተኛው ላይ ተራ ቁጥር አራትን ቃል በቃል ገለበጥሁ። ቃሉንም ያገኘሁት ከዚያው ነው፤ «እንዲነሱ» ይላልና። ኮሶን በማር እንደ መስጠት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ሰው ለድምፁ ይመጣል፣ ስንጥቁን ያነባል፣ ቢሮውን ይጠይቃል።

ቀትር ያልሁት አስቤበት ነው። ሌሊትማ ሁሉም ነገር ይጮኻል። ልጅ ሳለን እቴቴ በቀትር ወንዝ አታስወርደንም ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ውሃ ባለቤት አለው ትል ነበር። ያደግሁበትን ፍርሃት ነው የሰጠኋቸው።

አንድም ነዋሪ አላነጋገርሁም።

ሰኔ 26

ሃምሳ ስድስት ሺህ።

ሰኔ 27

መቶ አርባ ሺህ። ወንዳወቅ ስልኩን ይስመው እንደሆነ እንጃ። ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ የዘለቀ ሰው እንዳለ ጠየቅሁት። ሳቀ። ሰው «ተጨማሪ» የሚለውን አይጫንም፣ ቲቸር፣ አለኝ።

አንዱ አስተያየት ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ፎቶ የለውም፣ ስሙ «የድንጋይ በር ልጅ» ነው። «እኔስ ከግንቦት ጀምሮ እሰማዋለሁ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው ዝም ያልሁ» ይላል። መልስ ልጽፍለት አስቤ ተውሁት። ምን ብዬ?

ሐምሌ 2

የተቀዳ ድምፅ መላክ ጀመሩ። ዘጠኝ ደርሷል። ስምንቱ ነፋስና ውሃ ነው። ዘጠነኛውን ወንዳወቅ ደውሎ ስሚው አለኝ። ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ ሩቅ፣ የሴት ድምፅ የሚመስል ነገር አለ። ቃሉ አይለይም።

«ቲቸር፣ አንች ነሽ እንዴ የቀዳሽው? ድምፁ ያንች ነው» አለኝ።

እኔ ከሚያዝያ ወዲህ ድንጋይ በር አልሄድሁም። ነገርሁት። እሺ አለ፣ የሚያምን ሰው እሺ ግን አልነበረም።

ሐምሌ 5

ጋሼ ባዬ ደወሉ። ከግድቡ እግር የሚያንጠባጥበውን ውሃ ጸበል ነው ብለው ሰዎች መቅዳት ጀምረዋል። የጾም መፍቻ ቀን ስለሆነ ከቡሬም ከማንኩሳም በመኪና ተጭኖ የመጣ አለ። በፊት ከዚያ ቦታ ሕፃን እንኳ አያስደርሱም ነበር። ዛሬ ዱላቸውን ይዘው ቢቆሙ አንዲት ሴት «የእግዜርን ውሃ ትጠብቃለህ?» አለቻቸው። አንተ ብላ። በዚያ ዕድሜያቸው።

የሚያንጠባጥበው ስንጥቁ ነው። ይህን የምናውቀው እኔ፣ እሳቸው፣ የፈረሙት አምስት ሰዎች፣ እና አርባ አንዱ አንባቢ ነን።

ነገ አነሳዋለሁ።

ሐምሌ 8

አላነሳሁትም። ወንዳወቅ፣ ብናነሳው ሌሎች ገጾች ወስደውታል፣ ምን ይጠቅማል አለ። እውነት ነው። ይህንን እውነት ስሰማ ደስ መሰኘቴን ግን አልወደድሁትም። ገበያ ውስጥ የማላውቃት ልጅ «የድምፁ ቲቸር» ብላ ሰላም አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሕገ መንግሥት ሳስተምር ማንም በመንገድ አስቁሞኝ አያውቅም።

ሐምሌ 13

ትናንት ድንጋይ በር ሄጄ፣ አድሬ፣ ዛሬ ተመለስሁ። እግሬ ጭቃው ገና አልለቀቀውም።

ከቀትር በፊት ደረስሁ። ግድቡ ጀርባ ላይ ሰው ዳር እስከ ዳር ተደርድሮ ቆሟል፤ ሁለት መቶ ይሆናል። ነጠላ ያጣፋ፣ ዣንጥላ የያዘ፣ ስልኩን ወደ ውሃው ያዘቀዘቀ። የሚያወራ የለም። የታዘሉት ሕፃናት እንኳ ዝም ብለዋል። ይኼን ሁሉ ሰው ለምክር ቤቱ ብዬ በሁለት ጥሪ ማምጣት ያልቻልሁት እኔ ነኝ። መካከላቸው ገብቼ ቆምሁ። ከእግሬ ሥር መሬቱ እንደ ረጠበ ሊጥ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ አቀረቀሩ። እኔም አቀረቀርሁ። ውሃው ይሰማል፣ ሌላ የለም። ከዚያ ከጎኔ ያለችው ሴት እንባዋ ወረደ። ፊቷን ወደ እኔ መልሳ በሹክሹክታ «ሰማሽው?» አለችኝ።

«ሰማሁ» አልኋት።

ሰማሁ አልሁ። አፌን ምን እንዳከፈተው አላውቅም። ደስ ብሏት እጄን ያዘች።

ከታች ወረድሁ። ጋሼ ባዬ በላኩልኝ ፎቶ ላይ ክር ያህል የነበረው ውሃ አሁን የክንድ ውፍረት አለው። በዶማ አስፍተውታል። ቢጫ ጀሪካን እንዲቀመጥበት ድንጋይ ደልድለውለታል። ጋሼ ባዬ ሁለት ጊዜ በሸክላ አፈር መርገውት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ጸበል ደፈነ ተብለው ተገፍተው ወድቀዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ግድቡ አይመጡም፤ አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ከሩቅ ያዩታል። እኔን ሲያዩ ተነሥተው ሳሙኝ። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የደብሩ አገልጋይ ቄስ ክንፈሚካኤል ዘንድም ሄድሁ። ለምን ለሕዝቡ አይነግሩም አልኋቸው።

«እኔ አልባረክሁትም» አሉ። «አልባረክሁትም ብዬ በዐውደ ምሕረት ብቆም ግን ማን ይሰማኛል? ስልኩ ባርኮታል።»

ስለ ቃለ ጉባኤው ነገርኋቸው። ስንት ሰው አነበበው አሉኝ። አርባ አንድ አልኋቸው። የእግዚኦታ ቁጥር ነው አሉ፤ ለምሕረት የሚጮኸው አርባ አንድ ጊዜ ነው። ወሬውን ያወጣው ሰው ራሱ ቢመልሰው ጥሩ ነበር ብለውም ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ለእቴቴ ግን ነገርኋት። ከበርበሬ ማሳዋ ገብታ እጇን ስትታጠብ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ድምፁን የፈጠርሁት እኔ ነኝ፣ እቴቴ። ድምፅ የሚባል ነገር የለም።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እስኪያስላት ሳቀች። አገር ሁሉ ሲሰማ እሷ ብቻ፣ ከግድቡ ሥር ተኝታ፣ ሳትሰማ በመቅረቷ ኀጢአቷን ስትቆጥር ሰንብታለች። አምስት ቀን አልቅሳለች። ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ነበር።

ስንጥቁ ግን እውነት ነው፣ ከእኔ ጋር ነይ አልኋት። በርበሬዋን ኮትኩታ ለፍልሰታ እንደምትመጣ፣ ሱባኤውን ከእኔ ዘንድ እንደምትይዝ ነገረችኝ። ውሃው ፍልሰታን አይጠብቅም ብላት፣ ቢሮው ካወቀ አንድ ነገር ያደርጋል፣ እነሱስ የሰው ልጅ አይዶሉም አለች። ማሳ መሐል ያለ በርበሬ ተትቶ አይኬድም። እኔም የግድቡን ነገር ደጋግሜ ስናገር የራሴን ጩኸት ሰማሁና ተውሁት።

ስንተኛ በጨለማው ውስጥ እንደገና ሳቀች።

«እንግዲህ ድምፁ ቢመጣም እኔ ያችው ቀጣፊ ልጄ ናት ብዬ ጋደም እላለሁ።»

እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ።

ሐምሌ 14

ማስተባበያ ልጽፍ ተቀመጥሁ። ራሴን አመመኝ። ነገ።

ሐምሌ 17

ነገ።

ሐምሌ 20

ጻፍሁት። ወንዳወቅ ገጹ ይሞታል ብሎ ለመነኝ፤ ቲቸር፣ ሰው የሚያርፍበት ነገር አገኘ፣ ለምን ትነጥቂዋለሽ አለኝ። ለጠፍሁት። «ድምፅ የለም። እኔ ያምሮት ነኝ የፈጠርሁት። ከግድቡ ራቁ። ውሃው ጸበል አይደለም፣ ስንጥቅ ነው።» አራት ዓረፍተ ነገር። «ተጨማሪ» የሚባል ነገር እንዳይኖረው አሳጠርሁት።

ሐምሌ 22

ስልሳ ሺህ ሰው አነበበው። ያመነ የለም።

«አስገድደዋት ነው።» «አይዞሽ ቲቸር፣ ገብቶናል።» «ድምፁን የፈሩት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን።» እነማን እንደሆኑ ግን አንዱም አልጻፈም። ወንዳወቅ እንደሚለው ካስተባበልሁ ወዲህ ወደ ግድቡ የሚሄደው ሰው እጥፍ ሆኗል። ድንጋይ በር ያሉትም ካለፈው ይልቅ አሁን አምነዋል። የሚከለከል ነገር እውነት ነው፤ እኛ አገር ይህን ለማወቅ ሥነ ዜጋ መማር አያስፈልግም።

ሐምሌ 24

ሦስት ቀን ዝናብ። እቴቴ ስልኳ አይሠራም። እሑድ ሳይደርስ ሄጄ በግድም ቢሆን አመጣታለሁ። በርበሬው ይቅር።

ሐምሌ 25

መንገድ ተዘግቷል። መናኸሪያ ሄጄ ተመለስሁ። ለምን እንደተዘጋ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። መቼ ይከፈታል ብቻ አልሁ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

8፡20። ጋሼ ባዬ ደወሉ። «ሄደ» አሉ። ግድቡ።

ሰውስ? ሰው ሁሉ ቀድሞ ወጥቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነን አሉ። እቴቴን ስጡኝ አልሁ። ተቋረጠ።

9፡05። አይሠራም።

9፡30። አይሠራም። ሁሉ ወጥቷል ብለዋል። ሁሉ ማለት ሁሉ ነው።

10፡40። ወንዳወቅ ቪዲዮ አገኘ። ልለጥፈው ወይ ይላል። መንገዱ ስለተዘጋ ዛሬ ከግድቡ ላይ የቆመ እንግዳ አልነበረም ይላል፣ ተአምር ነው ይላል። እቴቴን አየሃት? አለማየቱን ነገረኝ።

12፡15። ጋሼ ባዬ።

ሐምሌ 30

ትናንት መንገዱ ተከፈተ። በእግርም በባጃጅም ደረስሁ። ሰኞ ቀብረዋት ነበር።

የነገሩኝን እጽፋለሁ። እሑድ ነው፣ መድኃኔ ዓለምም ነው፣ አስቀድሶ ተመልሶ ሰው ሁሉ እቤቱ ነበር። ዝናቡ አቁሞ ጥርት ያለ ፀሐይ ወጥቷል። በቀትር «ተነሱ» የሚል ድምፅ መጣ። ሦስት ጊዜ። አንዱ ከግድቡ ነው ይላል፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ አንዲት አሮጊት ከገዛ ምድጃዬ ነው ትላለች። የሴት ድምፅ በመሆኑ ግን ሁሉም ይስማማሉ። አልተጠራጠሩም። ለአንድ ወር ሲጠብቁት የነበረ ነገር ነው። በሽተኛውን በቃሬዛ፣ ሕፃኑን በጀርባ፣ ከብቱን እየነዱ ወደ ጉብታው ወጡ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ግድቡ ጀሪካን ከሚቀመጥበት ላይ ተከፈተ።

ከሠላሳ ስምንቱ ቤት የቆመ የለም። ከመቶ ዘጠና ሰው የሞተው አንድ ሰው ነው።

ማን ነው የጮኸው? ጋሼ ባዬን፣ እርስዎ ነዎት አልኋቸው። ከሳምንት በፊት ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ሲመልሱልኝ እንኳ የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር። ደግሞ የሴት ነው እኮ፣ ልጄ፣ አሉ። እኔ እሑድ በቀትር ፍኖተ ሰላም፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ፣ የማይሠራ ስልክ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቴ ስመኘው በመስኮት አይቶ ሰላም ብሎኛል። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ የጠየቀኝ የለም።

እህተ ማርያም የእቴቴ የቅርብ ጎረቤት ናት። ለቅሶው መሐል ወደ ዳር ወስዳ ነገረችኝ። ልጆቿን ይዛ ስትሮጥ በእቴቴ ደጅ አልፋለች። እቴቴ መደብ ላይ ጋደም ብላ ነበር። «እትዬ አምለሰት፣ ይነሡ፣ ድምፁ መጣ» አለቻት። እቴቴ እየሳቀች ነበር።

«ሂዱ ልጆቼ፣ እኔ አውቀዋለሁ። የኔው ልጅ ናት የሠራችው፤ እሷው ነግራኛለች» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ምን ማለቷ ነበር?» አለችኝ እህተ ማርያም። ከልቧ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ። ልጎትታት ሞከርሁ ትላለች፣ የጎተተችበትን ክንዷን አሳየችኝ፣ ልጆቹ አለቀሱብኝ ትላለች።

«እንጃ» አልኋት።

ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም። የዋሸኋቸውና ያመኑኝ ሁሉ ተረፉ። እውነቱን የነገርሁት ለአንድ ሰው ነው። እቴቴን የገደላት ውሃው ነው እላለሁ፣ ፈራሚዎቹ ናቸው እላለሁ፣ ሌላም እላለሁ፤ ተመልሼ ግን የማገኘው ያንን ሳቋን ነው። ልቤ እንዲቀለኝ ብዬ ነበር የነገርኋት። ለእሷ ብዬ አልነበረም።

ወንዳወቅ «ድንጋይ በርን ያዳነ ድምፅ» ብሎ ለጥፎታል። ስድስት መቶ ሺህ አልፏል። ቢሮው የተፈጥሮ አደጋ ነው ብሎ መግለጫ አውጥቷል። መግለጫውን ሦስት መቶ ሰው አይቶታል።

ነሐሴ 1

እቴቴ ለሱባኤ ወደ እኔ የምትመጣበት ቀን ነበር። አልጋውን ካነጠፍሁት ሰንብቷል።

ጉብታው ላይ ተመለስሁ። የተረፉት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ላስቲክ ወጥረው ሰፍረዋል። ቃለ ጉባኤውን ለቄስ ክንፈሚካኤል ሰጠኋቸው። የቀትሩ ቅዳሴ ሳይገባ ሕዝቡን ሰብስበው ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበቡት። ጥሩ አንባቢ ናቸው፤ ተራ ቁጥር አራትን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ባዶ ነው ብለው ለአፍታ ቆሙ። ሕዝቡ ያን ዕለት ግድቡ ላይ እንደነበረው ራሱን ደፍቶ ሰማ። አሁን ይነሣሉ፣ አሁን ቢሮው ደጅ ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

ሲጨርሱ አንድ ሽማግሌ፣ አድማሴ የሚባሉ፣ ዱላቸውን ተደግፈው «አባ፣ ይኸ ድምፁ የተናገረው ነው?» አሉ።

ቄሱ ወደ እኔ አዩ። አዎ ብል ነገውኑ ሁሉም ወደ ቢሮው ይወርዱ ነበር፤ ይህን አሁንም አምናለሁ። እህተ ማርያም ከፊት ተቀምጣ ነበር።

«አይደለም» አልሁ። «ይኼ ሰው የጻፈው ነው። ድምፁንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። እህተ ማርያም፣ እቴቴ ያለችሽ እውነት ነው።»

የተቆጣ አልነበረም። እህተ ማርያም ብቻ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንዲት ሴትዮ መጥታ ክንዴን ያዘችና፣ አይዞሽ፣ ሐዘን እንዲህ ያስለፈልፋል አለችኝ። ያቺው ናት፤ ግድቡ ላይ ሰማሽው ብላ የጠየቀችኝ። ቅዳሴው ሊገባ ሲል ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሥተው ሄዱ። ጋሼ ባዬ ብቻ ቀሩ፤ ወረቀቱን ከመሬት አንስተው፣ ጭቃውን በጋቢያቸው ጠርገው መለሱልኝ።

ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ የፈረሙት ሰዎች ስም ከነሙሉ ማዕረጋቸው አለ። ቄሱ እዚያ ሲደርሱ ነው ንባቡን ያቆሙት፤ እኔም ቀጥሉ አላልኋቸውም። እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም እስካሁን እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኋቸውም።